አሮጌ ቶርኖ ሁሉ ቁራጭ ብረት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። አሮጌ ቶርኖ (ብረቱን እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ወይም ሚሊንግ ማሽን (መቁረጫው ራሱ የሚሽከረከርበት) ገዝቶ ቤት ውስጥ ማደስን፣ የጎደለውን ክፍልም በራስ እጅ መሥራትን ከንቱ ልፋት ነው ይላል። ክርክሩን ላሳጥረው። የተበላ ማሽን ትክክለኛ ሥራ አይሠራም። መለዋወጫው የለም፤ ቤት የተሠራው ደግሞ ከፋብሪካው ያንሳል። ማሽን ለመጠገን ሌላ ማሽን ያስፈልጋል። በኢንች የተሠራ ማሽን ለዛሬ ሥራ አይሆንም። ነገሩ አደገኛም ነው። ስለዚህ አዲስ ግዙ፣ አለዚያ ተዉት።

ጸሐፊው ብረት የማያውቁ ሰው አይመስሉኝም። ልክ የሆኑበትም ቦታ አለ፤ ስንደርስበት እላለሁ። የማልስማማው ማሽንን በዕድሜው መመዘናቸው ላይ ነው። የሃምሳ ዓመት ማሽን ሁሉም ቦታው ሃምሳ ዓመት አይሆነውም። የትኛው ቦታ ተበላ? ምን ያህል? ያ ቦታስ ሲጀመር እንዲበላና እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ነው ወይ? እነዚህን ሳይጠይቁ «አርጅቷል» ማለት ፍርድ አይሆንም።

የተበላ አልጋ

ከነጥቦቻቸው ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የቶርኖ አልጋ፣ ማለትም ሌላው ክፍል ሁሉ የሚቀመጥበት ረጅም የብረት መሠረት፣ እኩል አይበላም። ካሬጁ (መቁረጫውን ተሸክሞ በአልጋው ሐዲድ ላይ የሚሄደው) አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ቻኩ (የሚቆረጠውን ብረት የሚይዘው) አጠገብ ስለሆነ ሐዲዱ እዚያ ጋ ይጎደጉዳል። ወደ ቴልስቶኩ (በሌላው በኩል ሥራውን የሚደግፈው) ያለው ጫፍ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ጸሐፊው ጉድጓዱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ከደረሰ ማሽኑ አበቃለት ይላሉ።

እስቲ እናስላው። መቁረጫው ቀጥ ብሎ በ0.1 ሚሜ ወደ ታች ወረደ እንበል። የምንቆርጠው ዘንግ ዲያሜትሩ 25 ሚሜ ነው። በራዲየሱ ላይ የሚመጣው ስህተት የወረደው መጠን በራሱ ተባዝቶ ለዲያሜትሩ ሲካፈል ነው። 0.01 ለ25 ሲካፈል 0.0004 ሚሜ ይሆናል። በዲያሜትር ቢቆጠር እንኳ 0.0008 ነው፤ አንድ ማይክሮን አይሞላም። ቤት ያለ ማይክሮሜትር ይህን አያየውም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊውን የሚረዳ ነገር አለ፤ እሳቸው ባያነሱትም እኔ ላንሳው። ሁለቱ ሐዲዶች እኩል አይወርዱም። የፊተኛው ይብሳል። ያኔ ካሬጁ ያጋድላል። መቁረጫው ከሐዲዱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ማጋደሉ ወደ ጎን ይገፋዋል። ወደ ታች የሄደው 0.1 ምንም ያላመጣውን ያህል፣ ወደ ጎን የሄደው 0.05 በዲያሜትር ላይ ሙሉ 0.1 ሆኖ ይወጣል። ዋናው ችግር ይሄ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ስህተት በአንድ ጊዜ ዱብ አይልም። በሐዲዱ ርዝመት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በ300 ሚሜ ርዝመት 0.1 ከሆነ፣ 30 ሚሜ ርዝመት ያለው ቡሽንግ (ዘንግ የሚዞርበት ቱቦ መሰል ክፍል) ላይ የሚታየው 0.01 ገደማ ነው። ቤት ውስጥ ከሚሠሩት ክፍሎች አብዛኞቹ ደግሞ አጫጭር ናቸው። ቡሽንግ፣ ፒን፣ ዳዶ፣ ቀለበት። ረጅም ዘንግ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሁንልኝ ያለ ሰው ግን እውነት ነው፣ በዚህ አልጋ አይደሰትም። ወይ አልጋውን ያስፍቃል፣ ወይ የመጨረሻዎቹን መቶኛዎች በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሳል።

ክብነት ደግሞ ከአልጋው ጋር አይገናኝም። ሥራው ክብ የሚሆነው ስፒንድሉ (ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ) የተቀመጠባቸው ኩሽኔታዎች ደህና ከሆኑ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቶርኖ የሚያይ ሰው መጀመሪያ መንካት ያለበት ስፒንድሉን ነው። ቻኩን በሁለት እጅ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ ገፋ ያድርገው፤ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን የሚያሳይ ሰዓት መሰል መለኪያ) ካለ እዚያው ላይ ይደግፈው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ማሽኑ ኮን አድርጎ ይቆርጣል፣ አልጋው አልቋል» ተብሎ የተፈረደበት ቶርኖ ብዙ ጊዜ አልጋው ያለቀ ሳይሆን የተጠመዘዘ ነው። ወጣ ገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አራቱንም ቡሎን ጥርቅም አድርገው ሲያስሩት ብረቱ ይጠመዘዛል። ይህ አዲስ ማሽን ላይም ይደርሳል። መፈተኛው ቀላል ነው። ወፈር ያለ ብረት ቻኩ ላይ እሰሩ፣ ቴልስቶክ ሳትደግፉ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ቀለበት መሰል ቦታ አስቀሩና ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መቁረጫ አቀማመጥ በስሱ ቁረጡ። ከዚያ ለኩ። ልዩነት ካለ በቴልስቶኩ በኩል ካሉት እግሮች አንዱን በስስ ቆርቆሮ ከፍ አድርጉና ደግማችሁ ቁረጡ። ቁጥሩ ከተቀየረ ችግሩ መጠምዘዝ ነበር። «አለቀለት» የተባለው ማሽን በአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ሲድን ማየት ደስ ይላል።

መለዋወጫ የለም፣ ቤት የተሠራውም ደካማ ነው

ሁለት ነገር ነው የተባለው፤ ለየብቻ እንያቸው።

መለዋወጫ የለም የሚለው ግማሹ እንኳ ልክ አይደለም። ኩሽኔታን ውሰዱ። ጎኑ ላይ 6204 የሚል ኩሽኔታ ዛሬም ውስጡ 20፣ ውጩ 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሜ ነው። ማን እንደሠራው ለውጥ የለውም። 6205 ከሆነ 25፣ 52 እና 15 ነው። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለክቶ ማግኘት ይቻላል። የሞርስ ቴፐርም (ፑንታ፣ ማለትም መብሻ፣ የሚገባበት በቁጥር የተመደበ ሾጣጣ ቀዳዳ) እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩ እስከተመሳሰለ ድረስ የዛሬ ፑንታ የድሮ ቴልስቶክ ውስጥ ልክ ብሎ ይገባል። ቺንጋም፣ ቡሎንም፣ ሞተርም በመጠን የሚፈለጉ እንጂ በማሽኑ ስም የሚፈለጉ አይደሉም።

የሚቀሩት ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠሩት ናቸው። የክሮስ ስላይዱ (መቁረጫውን ወደ ሥራው የሚያስገባው ተንሸራታች) ዳዶ፣ ቡሽንግ፣ ጊብ፣ ጊር፣ እጀታ። እነዚህን አስተውላችሁ ከሆነ አብዛኞቹ ሲጀመር እንዲያልቁ የተሠሩ ናቸው። ዳዶው ነሐስ ሲሆን ዘንጉ ብረት የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ትንሹና ቀላሉ ቀድሞ እንዲበላ፣ ትልቁና አስቸጋሪው እንዲቆይ ነው። ጊብም ልቅነት ሲመጣ በቡሎን እየተገፋ እንዲጠብብ፣ ካለቀም እንዲቀየር የገባ ስስ ብረት ነው። እነዚህን በሌላ መተካት ማሽኑ ሲሠራም የታሰበ ነገር ነው።

ደካማ ነው የሚለው ላይ አንድ ክፍል ብቻ ላሳያችሁ። ብዙ ቶርኖዎች ሊድ ስክሩው (ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ) ጫፍ ላይ ትንሽ የናስ ፒን አለቻቸው። አንዳንዷ መሐሏ ላይ በቀጭኑ ዙሪያዋን ተቆርጣለች። ካሬጁ ከቻኩ ጋር ከተጋጨ መጀመሪያ የምትበጠሰው እሷ ናት። ሆን ተብሎ የተቀመጠች ደካማ ቦታ ናት። አሮጌ ማሽን ፈትታችሁ ስታዩ ግን በእሷ ቦታ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ የተቆረጠ የፑንታ ጭራ፣ ወይም ራሱ የተቀላ ጠንካራ ቡሎን። «ሁለተኛ እንዳትሰበር» ብሎ ያስገባው ሰው ውለታ የዋለ መስሎታል። የሚቀጥለው ግጭት ላይ ፒኗ አትበጠስም። የሚረግፈው የጊር ጥርስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው «ቤት የተሠራ ክፍል ከፋብሪካው ደካማ ይሆናል» ሲሉ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ከፋብሪካው ጠንካራ ሆኖ የተሠራው ክፍል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የፋብሪካው ራሱ ያልረባበት ጊዜ አለ። አትላስ የሚባለው የአሜሪካ ቶርኖ ብዙ ጊሮቹ ከዚንክ ቅይጥ የተቀለጡ ነበሩ። ጥርሳቸው ሲበላ ወይም ሲረግፍ በብረት ጊር መተካት ማሽኑን ያጠነክረዋል እንጂ አያሳንሰውም። ጊር መሥራትም የሚወራውን ያህል ምስጢር አይደለም። በጥርሱ ብዛት ላይ ሁለት ደምሩና በሞጁሉ (የጥርሱን መጠን በሚነግረው ቁጥር) አባዙት፣ የውጩን ዲያሜትር ታገኛላችሁ። ሞጁሉ 1.5፣ ጥርሱ 40 ከሆነ 63 ሚሜ ነው። ከፋፋይ ሄዱ (ሥራውን በእኩል ክፍል የሚያዞረው መሣሪያ) እንደ አብዛኛው 40 ለ1 ከሆነ ደግሞ እጀታውን አንድ ዙር ባዞራችሁ ቁጥር አንድ ጥርስ ነው። አስቸጋሪው ቁጥሩ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን እኩል የምፈራው ሌላ ስህተት የተበላውን ክፍል ለክቶ እሱኑ መድገም ነው። ያለቀ ክፍል ማለቁን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። ኩሽኔታው ሲሽከረከርበት የኖረው ቦታ 24.87 ቢያነብብ፣ ማኅተሙ ሥር ተደብቆ የቆየውን ሁለት ሚሊሜትር ቦታ ለኩት። እዚያ 25.00 ታገኙ ይሆናል። የተሠራው በዚያ መጠን ነው። ነሐስ ቡሽንግ ስትሠሩለት ለዘይት የምትተዉት ክፍተት ከዲያሜትሩ አንድ ሺሕኛ ገደማ ይሁን፤ ለ25 ሚሜ ዘንግ 0.025 አካባቢ። ከዚያ ከጠበበ ይነክሳል፣ ከሰፋ ይንቀጠቀጣል።

ዳዶውም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የክሮስ ስላይድ ስክሩ የሚበላው መሐሉ ላይ ነው። አዲሱን ዳዶ መሐሉን ለክታችሁ ብትሠሩት ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥብቅ ብሎ ይቆማል። ያልተበላውን ጫፍ ነው መለካት ያለባችሁ። የጥርሱንም ማዕዘን እዩ። አክሚ የሚባለው የኢንቹ 29 ዲግሪ ነው፣ የሜትሪኩ ትራፔዞይዳል 30 ዲግሪ። በዓይን አይለዩም፣ አብረው ግን አይሄዱም።

ማሽን ለመጠገን ማሽን

ይሄ ክርክር ሲሰሙት ያሳምናል። ትክክለኛ ቶርኖ ለመሥራት ትክክለኛ ቶርኖ ካስፈለገ የመጀመሪያው ከየት መጣ?

መልሱ በታሪክ ውስጥ አለ። ሄንሪ ሞድስሌይ በ1800 አካባቢ ሊድ ስክሩና ተለዋዋጭ ጊር ያለው፣ የቡሎን ጥርስ የሚቆርጥ ቶርኖ ሲሠራ ከእሱ የተሻለ ማሽን ከፊቱ አልነበረም። በእሱ ሱቅ የሠራው ጆሴፍ ዊትዎርዝ ደግሞ ዝርግ ሰሌዳ እንዴት እንደሚወለድ በ1840 አስረዳ። ሦስት ሰሌዳ ይዛችሁ በሰማያዊ ቀለም እያያችሁ እርስ በርስ ታገናኛላችሁ። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ ሦስተኛውን ከአንደኛው። ከፍ ያለውን ቦታ ትፍቃላችሁ። ሁለት ብቻ ቢሆኑ አንዱ ጎድጉዶ ሌላው አብጦ ይገጣጠሙ ነበር። ሦስቱ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚገጥሙት ዝርግ ሲሆኑ ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መፋቂያ፣ ቀለምና ጉልበት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የሚታደሰው ቶርኖ ራሱ ለራሱ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ነው። የክሮስ ስላይዱ ዳዶ አልቋል? ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት፣ ያለቀው ዳዶ እያለ፣ አዲሱን በዚያው ቶርኖ ሥሩ። ባክላሽ ማለት እጀታውን ወደ ኋላ ስትመልሱ የሚመጣ ባዶ ዙር ነው። ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ እየመጣችሁ ከቆረጣችሁ ሥራውን አያበላሸውም። ያላችሁ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ሞረድና ቋሚ ትራፓኖ ብቻ ከሆነም ፒን፣ ጊብና እጀታ ይወጣሉ። የሰፋ የስፒንድል ማረፊያ ማስተካከልና አልጋ በግራይንደር ማስነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ለባለሙያ ስጡት፤ ነውር የለውም።

የኢንች ነገር

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ሊድ ስክሩው በኢንች የተቆረጠ ቶርኖ ሜትሪክ (በሚሊሜትር የሚለካ) የቡሎን ጥርስ አይቆርጥም ይላሉ። ይቆርጣል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሜ ነው፣ 25.4 በ5 ሲባዛ 127። ስለዚህ ባለ 127 ጥርስ ጊር ካለ ልወጣው ያለ ቀሪ ትክክል ነው። 127 ለራሱና ለአንድ ካልሆነ ለማንም የማይካፈል ቁጥር በመሆኑ እሱን መከፋፈል ያስቸግራል፣ መጠኑም ትልቅ ነው። ብዙ ሰው ባለ 127 እና ባለ 100 ጥርስ ጊሮች ፋንታ ባለ 80 እና ባለ 63 ይጠቀማል። ስህተቱ ከ8000 አንድ ነው። በ100 ሚሜ ርዝመት 0.0125 ሚሜ ማለት ነው። አንድ ዳዶ የሚይዘው ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ስለሆነ እጃችሁም አይሰማውም።

አደገኛ ነው

ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። የማልስማማው በመረጡት አደጋ ነው። የድሮ ብረት በድንገት ፈንድቶ ሰው ይጎዳል የሚል ነገር ጽፈዋል። እኔ የምፈራቸው ከዚያ በጣም ተራ የሆኑ ነገሮች ናቸው።

ለምሳሌ የመብራት መመለስ። የድሮ ማብሪያ እንደ ቤት መብራት ማብሪያ ወይ ተከፍቷል ወይ ተዘግቷል። ቶርኖው ሲዞር መብራት ይሄዳል። እናንተ ረስታችሁ እጃችሁን ቻኩ ጋ ስታደርጉ መብራቱ ይመለሳል፣ ማሽኑም በራሱ ይነሳል። በኮንታክተር የሚሠራ፣ መብራት ሲሄድ የሚለቅና እንደገና ካልተጫነ የማይነሳ ማብሪያ ቀድሞ ይግባ። ሌላው ሥራ ሁሉ ከእሱ በኋላ ይደርሳል። የደረቀ የሽቦ ሽፋንም እዚያው ይቀየር። የቻክ ቁልፍ ቻኩ ላይ አይተው። በሚዞር ማሽን ጓንትም፣ ረጅም እጅጌም፣ የተለቀቀ ፀጉርም የለም።

የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈተግ፤ በማለስለሻ ፈሳሽ ይነሣ። ዝገትን በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ግሩም ዘዴ ነው። ሶዲየም ካርቦኔት የሟሟበት ውሃ፣ የ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር፣ ክፍሉ ከኔጋቲቭ፣ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቭ። ቁራጩ ግን ስቴንለስ መሆን የለበትም፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ውሃው ውስጥ ይለቅቃል። የሚወጣው አረፋም ሃይድሮጅን ስለሆነ አየር በሚገባበት ቦታ ይሁን፣ ብልጭታም አይቅረበው። ብረት ወይም አሉሚኒየም የሚያቀልጥ ሰው ከእሳቱ ይልቅ ውሃን ይፍራ። የቀለጠ ብረት እርጥብ ወለል ላይ ከፈሰሰ እንፋሎቱ ብረቱን ወደ ላይ ይረጨዋል።

ይህ ሁሉ ሥራውን ተዉ የሚያሰኝ አይደለም። አዲስ ማሽንም ጓንት ለባሽን አይምርም።

አዲሱን ግዙ

ጸሐፊው ጊዜ ገንዘብ ነው ይላሉ። ሱቅ ተከራይቶ ደንበኛ ለሚጠብቀው ሰው እስማማለሁ፤ ማሽን ማደስ ሥራውን ያቆምበታል። አንድ ዳዶ ብቻ የፈለገ ሰውም ለአንድ ዳዶ ብሎ የተበላሸ ቶርኖ አይግዛ። ሠርቶ ለሚሰጠው ይክፈል።

ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ንጽጽሩ ሌላ ነው። በእኩል ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ማሽን ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ክብደት ደግሞ ቶርኖ ላይ ጌጥ አይደለም። ጊዛ ብረት (ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ ብረት) ውስጡ ባለው ግራፋይት የተነሣ ንዝረትን ይውጣል፤ ወፍራም አልጋም አይታጠፍም። ቀላሉ ማሽን ገና ትንሽ ጠለቅ አድርጋችሁ ስትቆርጡ መጮህ ይጀምራል። ባለ ሶስት ፌዝ ሞተሩም ሰበብ አይሆንም። ከአንድ ፌዝ ሦስት የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ፤ ፍጥነትንም በዚያው ያስተካክላል።

የትኛውን አሮጌ ማሽን ልተው ለሚለኝ ደግሞ መልስ አለኝ። አልጋው ወይም ሄድስቶኩ (ስፒንድሉን የያዘው ክፍል) የተሰነጠቀን ተዉት። የጊር ሳጥኑ ጊሮች ግማሽ የጎደሉትን ተዉት። የስፒንድሉ ቴፐር ውስጡ በዝገት የተቦረቦረን ተዉት። ከዚህ ውጪ ያለውን፣ አቧራና ዝገት ለብሶ ቢያስጠላም፣ ቻኩን በእጅ አዙራችሁ እዩት።

ጸሐፊው በመጨረሻ እድሳት ማለት የድሮ ብረትን አሳምሮ ቀለም መቀባት ነው ብለው ይሳለቃሉ። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው እንዳለ አልክድም። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ያውም ካስፈለገ። ቀድሞ የተቀባ ማሽን ላይ የማየው የተለመደ ነገር ቢኖር በቀለም የተደፈነ የዘይት ቀዳዳ ነው። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ እየወጋችሁ ክፈቱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ በሌላው በኩል መውጣቱንም እዩ።